ሰባ አራት ቁጥር

ቨርሊን ሂግቢ የልጇን ስም በገዛ እጇ ፈትታዋለች። ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም፤ ለእህቷም ለፓስተሯም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ደረቷ ላይ እንደተቀመጠ ነው።

ቨርሊን ፒኬት ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም ሥር፣ ምድር ቤት ባለው የልብስ ክፍል ውስጥ ልብስ ሰፊ ናት። ሥራዋ ሄልሜት አድርገው እየተጋፉ ኳስ የሚጫወቱትን ልጆች ስም ማሊያቸው ጀርባ ላይ መስፋት ነው። ልጆች ይመጣሉ፣ ልጆች ይሄዳሉ፣ ማሊያው ይቀራል። የሄደው ልጅ ስም ያለበት ቁራጭ ጨርቅ ይፈታል፣ የመጣው ይሰፋል። በቃ ሥራው ይኸው ነው። ልጇ ኮርዴል በነሐሴ ሞተ፤ በመጋቢት ከላይ ዝርዝር መጣ። «እነዚህ ማሊያዎች ስማቸው ይለወጥ» ይላል። ሰባ ሦስት፣ ሰባ አራት፣ ሰባ አምስት። ሰባ አራት የኮርዴል ነበር። ዝርዝሩን የጻፈው ሰው ሰባ አራት የማን እንደነበር አላሰበበትም፤ ያመጣላት አለቃዋ ሎኒም ሳያነበው ነው ጠረጴዛዋ ላይ ያኖረው።

እምቢ ማለት ትችል ነበር። አላለችም። ለምን እንዳላለች እስከ ዛሬ አይገባትም። ቁጭ አለችና የስፌት መፍቻዋን፣ ያቺን ትንሽ ስለታም ብረት፣ አንሥታ ፈታችው። ስድስት ፊደል ናት፣ ሂግቢ፣ በእነሱ አጻጻፍ። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ልጇ ገና ቡድኑ ውስጥ ሲገባ ራሷ ነበረች የሰፋችው፤ «ይቺ እንኳ ከጀርባህ አትወርድም» እያለች፣ እየሳቀች፣ ሁለት ጊዜ ደራርባ። ስለዚህ ለመፍታት ረጅም ሰዓት ፈጀባት። ከዚያ በቦታው «ዊትሎክ» ብላ ሰፋች፣ ምንም ላላጠፋ ለአንድ ለጋ ልጅ። የኮርዴልን ስም ጨርቅ አጣጥፋ ጡት መያዣዋ ውስጥ ከተተችው። ቤቷ ስትደርስ ክርና መርፌ የምታኖርበት የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ፣ ከታች፣ አስቀመጠችው።

ኮርዴል የሞተውም እንዲህ ነው። በዚያ አገር ነሐሴ ሲመጣ አየሩ ራሱ ይፈላል፤ ውሻ እንኳ ከመኪና ሥር አይወጣም። ግራዲ ስትራውድ የሚባል ረዳት አሰልጣኝ ነበር፣ ግንባር ላይ የሚጋፉትን ትልልቆቹን ልጆች የሚያሠለጥን። ያን ቀን አንዱ ልጅ አርፍዶ መጣ ብሎ ሁሉንም ከልምምድ በኋላ ያስሮጣቸው ጀመር። አንዴ፣ ሁለቴ፣ አሥር ጊዜ። ኮርዴል አሥራ ስድስተኛው ላይ ወደቀ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፤ ቁመቱ በር የሚሞላ፣ ተርብ ሲያይ ግን ከእናቱ ጀርባ የሚደበቅ። ስትራውድ በላዩ ቆመ። «ተነሥ ሰባ አራት! ውኃ ለጨረሰ ነው!» አለ። የሕክምና ባለሙያዋ ልትጠጋ ስትል እጁን ዘርግቶ ከለከላት፤ «እያስመሰለ ነው» አላት። ይህን የነገሯት አብረውት የሮጡት ልጆች ናቸው፤ አንድ በአንድ፣ ቤቷ ድረስ መጥተው፣ ኮፍያቸውን በእጃቸው እያሹ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ኮርዴል ሞተ።

ስትራውድ ለመርማሪዎቹ አንድ ገጽ ጻፈ። «ተጫዋቹ መታመሙን ደብቋል» ይላል። ተጫዋቹ፣ ተጫዋቹ፣ ተጫዋቹ። ገጹን ከላይ እስከ ታች ብታነቡት ኮርዴል የሚል ቃል የለም። ቀብር አልመጣም። በሁለተኛው ወር ሌላ ዩኒቨርሲቲ ከፍ ባለ ቦታ ቀጠረው፤ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ብራክስተን በሚባል ዩኒቨርሲቲ ዋና አሰልጣኝ ሆነ። ቨርሊንን በዓይኑ አይቷት አያውቅም። ምድር ቤት የሚወርድ አሰልጣኝ ድሮም የለም።

እህቷ ስንቴ ለመነቻት። «ቨርሊን፣ እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ምን ትሠሪያለሽ? የልጅሽን ገዳዮች ልብስ ትሰፊያለሽ?»

«እነሱ ይሂዱ» ትላለች ቨርሊን። «እኔ ምን አደረግኩና ነው የምሄደው?»

ዘንድሮ እንግዲህ ፒኬት ከአሥራ ሁለት ጨዋታ ሦስቱን ብቻ አሸነፈ። የምስጋና ቀን ማግሥት ለጎረቤት ዩኒቨርሲቲ በአርባ አንድ ነጥብ ተሸነፉ፤ በገዛ ሜዳቸው፣ የበዓሉ ተርኪ ዶሮ ገና ከሆዳቸው ሳይወርድ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ አሰልጣኙ ተባሯል። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ከተማው አበደ። ነዳጅ ማደያው ላይ፣ ፍርድ ቤቱ ደጅ፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር ወሬው አንድ ነው፤ ማን ይመጣል? የመጀመሪያው ሰው እሺ ብሎ፣ ሚስቱ አገሩን አይታ እምቢ አለች። ሁለተኛው የእነሱን ጥሪ ለራሱ አለቆች አሳይቶ ደመወዙን አስጨመረበትና ስልኩን ዘጋ።

ቨርሊን ቅዳሜ ጠዋት ጆርጂን ፀጉር ቤት ነበረች፤ ራሷ ግማሹ ተሠርቶ ግማሹ ቆሟል። ጥግ ላይ ክሊዮታ ተቀምጣለች፣ ጡረታ የወጣች የፖስታ ቤት ሠራተኛ፣ መነጽሯን አፍንጫዋ ላይ አውርዳ ስልኳ ላይ ያፈጠጠች። ክሊዮታ አውሮፕላን ወዴት እንደሚበር በስልኳ ትከታተላለች። የትራክተር ነጋዴው ቦ ፔቱስ የግል አውሮፕላን አለው፤ አሰልጣኝ ሲፈለግ ሰውየውን የሚለምኑትን ሽማግሌዎች የሚያመላልሰው እሱ ነው። የአውሮፕላኑን ቁጥር የማያውቅ ሰው በከተማው የለም። የት እንደበረረ ያየ፣ ማን እንደሚመጣ አወቀ ማለት ነው።

«ተነሣች!» አለች ክሊዮታ።

«ወዴት?» አለች ጆርጂን፣ ማበጠሪያዋን አንሥታ።

«ወደ ሰሜን ነው ፊቷ። ቆዩ እስኪ።»

«ሚስቱን ገበያ እየወሰዳት ይሆናላ።»

«የቷን ሚስቱን? ባለፈው ፋሲካ ጥላው ሄዳ የለ እንዴ! ሰውዬው አሁን ከአሰልጣኝ በቀር የሚያባብለው የለውም።»

ሴቶቹ ሳቁ። ቨርሊንም ሳቀች። ክሊዮታ ስልኩን ወደ ዓይኗ አቀረበች፣ አራቀች። ሩብ ሰዓት አለፈ።

«ወረደች። ብራክስተን።»

«ብራክስተን ማን አለ?» አለች በማድረቂያው ሥር የተቀመጠች አንዲት ወጣት፣ ወደ ከተማው ከመጣች ሁለት ዓመት ያልሞላት። ለራሷም መለሰች። «እንዴ! ግራዲ ስትራውድ ነዋ! ዘንድሮ አሥራ አንድ ጨዋታ ያሸነፈው! ኧረ እሱ ከመጣልንማ፣ ሰይጣንም ቢሆን ቀይ ኮፍያችንን አድርጎ ይግባ!»

ጆርጂን እጇ ቨርሊን ራስ ላይ እንዳለ ቀረ። ክሊዮታ ስልኳን ገልብጣ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

«ምነው? ምን አልኩ?» አለች ልጅቷ።

«ዝም በይ አንቺ» አለቻት ጆርጂን ቀስ ብላ። «ቨርሊን፣ እኔኮ... ምናልባት ሌላ ሰው ፍለጋ...»

«ፀጉሬን ጨርሺልኝ» አለች ቨርሊን። «ሰኞ ሥራ አለኝ።»

ሰኞ ሎኒ መጣ። ሎኒ የልብስ ክፍሉ ኃላፊ ነው፤ ጉልበቱ የማይታጠፍ፣ ጡረታ ሊወጣ ሁለት ዓመት የቀረው። በሩን ዘጋ፤ ተዘግቶ የማያውቅ በር ነው። ቆመ። ኮፍያውን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ።

አዲስ አሰልጣኝ ሲቀጠር ከከተማው ሁሉ በፊት የሚያውቀው የልብስ ክፍል ነው። ጋዜጠኞች በተሰበሰቡበት የስፖርት ኃላፊው ለአዲሱ ሰው ማሊያ ይሰጠዋል፤ ፊቱ ላይም ጀርባው ላይም «አንድ» የሚል ቁጥር፣ ከቁጥሩ በላይ የአሰልጣኙ ስም። ሁለቱ በየትከሻው ይዘው ስሙን ወደ ካሜራው ያዞሩታል። ደንቡ ነው። ያቺን ማሊያ ደግሞ የሚሰፋ ሰው ያስፈልጋል፤ ስሙን ሳይነግሩት ስም የሚሰፋ የለም።

«ሚስ ቨርሊን» አለ ሎኒ።

«አውቄዋለሁ።»

«ማን ነገረሽ?»

«አውሮፕላኑ።»

ሎኒ ወንበር ስቦ ቁጭ አለ። «ኤምሪን ለመንኩት። ይሄ ሰው እዚህ ታሪክ አለው አልኩት። ‹የቆየ ነገር ነው፣ ተጣርቶ አልቋል፣ ያሁኖቹ ተማሪዎች ያኔ ዳይፐር ላይ ነበሩ› አለኝ። ኤምሪ ከመጣ ሦስት ዓመቱ ነው፣ ምን ያውቃል። የልጁ እናት እዚህ እንደምትሠራ እንኳ...» ጉልበቱን አሸ። «ልነግረው ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ቢያውቅ ያባርርሻል ብዬ ፈራሁ።»

እውነቱን ነው። ኤምሪ፣ የስፖርት ኃላፊው፣ በየገናው አንድ ሳጥን የፔካን ለውዝ ኬክ እያመጣ «ሚስ ቨርሊን፣ የኛ እናት!» ይላታል። ሁሉም ሚስ ቨርሊን ነው የሚላት። በዚያ አገር ምግብ የምታበስለውም፣ የምትጠርገውም፣ የምትሰፋውም ሚስ እገሊት ናት፤ ሚስ ቨርሊን፣ ሚስ ኦላ፣ ሚስ ፐርል። እንደማክበር ነው የሚቆጥሩት። የአባት ስሟን የሚጠይቅ ግን የለም። አሥራ አንድ ዓመት ሂግቢ የሚለው ስም ፋይል ውስጥ ከሰነድ ጋር ተኝቷል፤ ሚስ ቨርሊን ደግሞ ምድር ቤት ተቀምጣለች፤ ከላይ ካሉት ሁለቱን ያገናኘ ሰው የለም።

«ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ» አለ ሎኒ። «ሞንትጎመሪ የሚሰፋ ቤት አለ። አንቺ ዕረፍት ውጪ።»

«እኔ እሰፋዋለሁ።»

«ቨርሊን።»

«የሰው ስም ስሰፋ ሃያ ዓመቴ ነው ሎኒ። ስትራውድን መስፋት ያቅተኛል?»

ሎኒ ዓይኗን አየ፣ መልሶ ወለሉን አየ። «ነገ ከሰዓት ልኬት ሊሰጥ ይመጣል፤ ለሹራቡና ለኮፍያው። በጭነት መግቢያው በኩል ነው የሚያስገቡት፣ ሰው እንዳያየው። ያኔ እንኳ ባትኖሪ...»

«እኖራለሁ።»

ማክሰኞ መጣ። ወፍሯል። ፀጉሩ ከፊት ሸሽቷል፤ ሳቁ ግን ያው ልጆቹ የነገሯት ሳቅ ነው፣ ከሰውየው ቀድሞ ክፍል የሚገባ። ኤምሪ ከኋላው እንደ ሙሽራ አጃቢ ይከተለዋል።

«ይህች ሚስ ቨርሊን ናት!» አለ ኤምሪ። «ያለ እሷ እዚህ ቤት አንድ ሰው ስም የለውም!»

«እንግዲያው ጥሩ አድርገሽ ስፊኝ እናቴ» አለ ስትራውድ። «እዚህ ብዙ ልቆይ ነው የመጣሁት።»

ቨርሊን ሜትሩን ከአንገቷ አወረደች። በብብቱ ሥር አዞረችው። እጇ ደረቱ ላይ ሲያርፍ ልቡ ሲመታ ተሰማት፤ ደህና፣ የማይቸኩል አመታት። ለሰው ልጅ ሁሉ የተሰጠ ነገር ነው፣ ግን ያን ቀን እንደ ስርቆት ቆጠረችው። የሆነ ሆኖ፣ አንድ ዕድል ልትሰጠው ከቤቷ ቆርጣ ነበር የወጣችው። አንድ፣ ሁለት የለውም። የልጇን ስም ከጠራ፣ ከአፉ አውጥቶ ኮርዴል ካለ፣ ስትራውድ ብላ ሰፍታ፣ ተኩሳ፣ አጣጥፋ ሰጥታው ሥራዋን ለቃ ትሄዳለች። ለእግዚአብሔር የነገረችው እንደዚያ ነው።

«አሰልጣኝ፣ ድሮ እዚህ ሠርተዋል አይደል?»

«ሁለት ዓመት። የግንባሮቹን ልጆች።»

«ያኔ ሰባ አራት ቁጥር የሚለብስ ልጅ ነበር።»

ሎኒ መደርደሪያው ጋ ሄልሜት ሲያነሣ እጁ ላይ ቀረ። ስትራውድ ወደ ኤምሪ ገልመጥ አለ። ከዚያ ፊቱን ለለቅሶ ቤት እንደሚያዘጋጁት አዘጋጀው።

«ሰባ አራት። አዎ፣ ያ የታመመው። አሳዛኝ ነገር ነበር። መታመሙን ደበቀን እንጂ... ልጅ መቼ ይሰማል።»

«ስሙ ማን ነበር?»

ስትራውድ አፉን ከፈተ። ጠበቀችው። ሜትሩን እንደያዘች፣ እጇን ሳታነሣ፣ ጠበቀችው።

«ኧረ እናቴ!» አለ በመጨረሻ፣ ሳቁ ተመልሶ መጣ። «በእጄ ስንት ልጅ አልፏል መሰለሽ? ስም ላይ ድሮም ደካማ ነኝ። ቁጥር ግን አልረሳም!»

ኤምሪ ሳቀ፤ ከደግነቱ ነው፣ ሰው ሲስቅ ብቻውን አይተውም።

«ደረት፣ አርባ ስምንት» አለች ቨርሊን ለሎኒ። «ጻፈው።»

ያንኑ ከሰዓት አዲስ ቀይ ማሊያ አውጥታ ሰፋችው። ፊቱ ላይ አንድ፣ ጀርባው ላይ አንድ፣ ከላዩ ስትራውድ። ጥርት ያለ ሥራ ነበር። ሎኒ መጥቶ አገላብጦ አየው፤ ትንፋሹን ለቀቀ።

«እግዚአብሔር ይባርክሽ። እኔ አንቺን ብሆን አልችልም ነበር» አለ።

«ሂድ አሁን፣ እተኩሰዋለሁ።»

ሎኒ ያላየው አንድ ነገር ነበር። የጀርባውን ስፌት ላላ አድርጋ፣ በሰፊ ርምጃ ነበር ያሄደችው፤ አንድ ጫፍ ሲሳብ እንደ ዶሮ ላባ የሚነቀል።

ረቡዕ ጎሕ ሲቀድ ምድር ቤት ነበረች፣ ማንም ሳይገባ። የብስኩት ቆርቆሮዋን ከቤቷ ይዛ መጥታለች። ስትራውድን ሳበችው፤ በሁለት ደቂቃ ወረደ። የጀርባውን አንድ ቁጥርም አወረደች። የፊቱን አንድ ቁጥር አልነካችውም፤ ማሊያውን የያዙት ሰዎች የሚያዩት ፊቱን ነው፣ ጀርባውን የሚያየው ሕዝቡ ነው። ከሳጥን ሰባትና አራት አውጥታ በመኪና ሰፋቻቸው። ከዚያ መኪናውን አጠፋች። የኮርዴልን ስም ጨርቅ ከቆርቆሮው ሥር አወጣች። ነጩ ጨርቅ ወደ ቢጫ ሄዷል፤ በዳር በዳሩ የድሮው መርፌ ቀዳዳዎች ይታያሉ። በእጇ ሰፋችው፣ በእነዚያው ቀዳዳዎች፣ ሁለት ጊዜ ደራርባ። አንድም ጊዜ አላለቀሰችም። ክሯን በጥርሷ በጠሰች።

ተኮሰችው፣ ፊቱን ወደ ላይ አድርጋ አጣጠፈችው፣ በስስ ወረቀት ጠቅልላ ሳጥኑ ውስጥ አኖረችውና በቀይ ሪባን አሰረችው። በአንድ ቁራጭ ወረቀት ላይ በተጣመመ ጽሕፈቷ ጻፈች፤ «ሎኒ አያውቅም። እኔ ነኝ ያደረግኩት። ቨርሊን ሂግቢ።» መኪናዋ መርፌ ሥር ሰካችው።

ሎኒ በአራት ሰዓት ሳጥኑን ሊወስድ ሲመጣ ጠረጴዛው ላይ የብስኩቱን ቆርቆሮ ክፍቱን አየ። በውስጡ ምን እንደነበረ ገመተ፤ ያን የመጋቢት ዝርዝር ያመጣው እሱ ነው፣ ከሳምንት በኋላ ገብቶት እዚያው ወለል ላይ ተቀምጦ ያለቀሰውም እሱ ነው። ቆርቆሮውን አየ። ወረቀቱን አየ። እሷን አየ።

«ሚስ ቨርሊን፣ ይሄን ሳጥን ከፍቼ ማየት የለብኝም አይደል?»

«በደንብ አስሬዋለሁ።»

«ትናንት አይቼዋለሁ እኮ።»

«አይተኸዋል።»

ሎኒ ሳጥኑን በሁለት እጁ አነሣው፣ እንደ ኬክ። በሩ ላይ ሲደርስ ቆመ። «ጉልበቴ አሞኛል ብዬ ቀስ ብዬ ነው የምሄደው» አለ። «ቀድመሽኝ ትደርሻለሽ።»

ስብሰባው የተጠራው ለስድስት ሰዓት ነው። አዳራሹ ጢም ብሏል። ወሬው ጠዋት ስለወጣ ከተማው ሥራ ዘግቶ መጥቷል፤ ቀይ ኮፍያ፣ ቀይ ክራቫት፣ ቀይ ቀለም የተቀቡ ሕፃናት። ከፊት ጋዜጠኞች፣ ከጎን ማርሽ ባንድ፣ መሀል ላይ ቦ ፔቱስ እግሩን ዘርግቶ። ቴሌቪዥኑ በቀጥታ ያስተላልፋል። ጆርጂን ፀጉር ቤቷን ዘግታ በግድግዳው ጥግ ቆማለች፣ ክሊዮታ አጠገቧ። ቨርሊን ከሥራ ሽርጧ ጋር ገባች፤ መፍቻዋ በክር አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል። በር ላይ የቆመው ጥበቃ «ሚስ ቨርሊን!» ብሎ አሳለፋት። ለእሷ የማይከፈት በር የለም፤ ማን መሆኗን ግን የሚጠይቅ የለም።

ኤምሪ ተናገረ። «አሸናፊነት» አለ፣ «ቤተሰብ» አለ፣ «ወደ ቤቱ የተመለሰ ልጅ» አለ። ስትራውድ ተናገረ። «ለእኔ እያንዳንዱ ተጫዋች የአብራኬ ክፋይ ነው» አለ፤ ሕዝቡ ጮኸ። ሎኒ እያነከሰ ወጣና ሳጥኑን ጠረጴዛው ላይ አኖረ፤ ወረደ፤ ዞሮ አላየም።

ኤምሪ ሪባኑን ፈታ፣ ወረቀቱን ገለጠ። ደረቱ ላይ ትልቅ አንድ ቁጥር። ፈገግ አለ። አንዱን ትከሻ እሱ፣ አንዱን ትከሻ ስትራውድ ይዘው ዘረጉት፤ ጀርባውን ወደ ሕዝቡ። ካሜራዎቹ ብልጭ ብልጭ አሉ። ባንዱ ጀመረ። ጭብጨባ ሆነ።

ጭብጨባው ከፊት ነው መሞት የጀመረው። የመጀመሪያው ረድፍ እጁን አወረደ፣ ከዚያ ሁለተኛው። ክሊዮታ ከጥግ «ኢየሱስ!» ስትል ሁሉም ሰማት። መለከቱ አንድ ዙር ብቻውን ተነፍቶ እሱም አቋረጠ። ጠረጴዛው ጋ ሁለቱ ሰዎች እየሳቁ ማሊያውን እንደዘረጉ ቆመዋል፤ ከፊታቸው አንድ ቁጥር ብቻ ነው የሚታያቸው።

ሃርላን የሚባል ሽማግሌ ጋዜጠኛ ነበር፤ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት የኮርዴልን ሞት በአራት መስመር የጻፈ፣ አራት መስመር ብቻ የተፈቀደለት። መነጽሩን አውልቆ ጠረገና መልሶ አደረገ።

«አሰልጣኝ» አለ። «ማሊያው ላይ ያለው የማን ስም ነው?»

«የኔ ነዋ!» አለ ስትራውድ ሳቁን ሳይሰበስብ። «ከአሁኑ ረሳችሁኝ እንዴ?»

ማንም አልሳቀለትም።

«እስኪ ያንብቡልን» አለ ሃርላን።

ስትራውድ ማሊያውን ገለበጠ። ዓይኑ ቁጥሩ ላይ አረፈ፤ ቁጥር አይረሳም። ከዚያ ወደ ላይ፣ ወደ ቢጫው ጨርቅ ሄደ። ፊቱ ላይ የነበረው ደም ሁሉ ወደ አንገቱ ሲወርድ ካሜራው አሳየ። አጠገቡ ኤምሪ ማሊያውን ለቀቀ፣ ትኩስ ብረት እንደያዘ ሰው።

«ያንብቡት» አለች ቨርሊን።

ሁሉም ዞረ። በመሀል መንገድ ሰጧት፤ ሽርጧን አይተው ነው ወይስ ፊቷን፣ አላወቀችም። እስከ ጠረጴዛው ሄደች።

«ሚስ ቨርሊን፣ ምንድን ነው ይሄ?» አለ ኤምሪ በሹክሹክታ፤ ማይክሮፎኑ ግን ወሰደው። «ማን ነው ሂግቢ?»

«እኔ ነኝ። ቨርሊን ሂግቢ።» ወደ እሱ አላየችም፣ ስትራውድን ነው የምታየው። «ትናንት ደረትህን ስለካ ስሙን ጠየቅኩህ። ስም ላይ ደካማ ነኝ አልክ። ጽፌልሃለሁ። አንብበው።»

ስትራውድ ወደ ቦ ፔቱስ አየ። ቦ ፔቱስ የጫማውን ጫፍ ያያል። ወደ ኤምሪ አየ። ወደ በሩ አየ። እሷ ትጠብቃለች፤ መጠበቅ ታውቅበታለች።

«ሂግቢ» አለ።

«ኮርዴል ሂግቢ።»

«ኮርዴል ሂግቢ» አለ፣ ማይክሮፎኑ ውስጥ።

ኤምሪ ክንዷን ያዝ አደረጋት። «ሚስ... ወይዘሮ ሂግቢ፣ እባክሽ። ካሜራ አለ። ውሰጂውና ፍቺው፣ ከዚያ ቢሮ ገብተን እንነጋገራለን።»

ቨርሊን ክንዷን ከእጁ አላቀቀች። መፍቻዋን ከአንገቷ ላይ አውልቃ ጠረጴዛው ላይ፣ ስትራውድ ፊት፣ ስለቱን ወደ እሱ አድርጋ አስቀመጠችው።

«እኔ አንድ ጊዜ ፈትቼዋለሁ» አለች። «ሁለተኛ አልፈታም። የሚፈታው ካለ፣ ይኸው። ሰው ሁሉ እያየው ይፍታው።»

መፍቻውን ያነሣ አልነበረም።